የዳኜ አስራ ዘጠኝ በጎች

የአቶ ዳኜ ጉረኖ የተሰበረው ለአርብ አጥቢያ ነው። ኢንስፔክተር ኮከቤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከዘመሮ ፖሊስ ጣቢያ ተነስታ አስታ ሜዳ ስትደርስ መንደሩ ሌባውን ለይቶ፣ አስይዞ፣ በልቡም ፈርዶበት ጨርሶ ነበር። ለእሷ የቀራት ወረቀት መሙላት ብቻ ይመስል ነበር። ኮከቤ ደግሞ ሰው ጨርሶ ያቀረበላት ነገር አይጥማትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለው ተረት ከአስር ዓመት የፖሊስ ስራ በኋላ አፏ ላይ ቀርታለች።

ጉረኖው ከቤቱ ጎን በድንጋይ ካብ የታጠረ፣ በጓሳ ሳር የተከደነ ነው። የበሩ ሳንቃ ተገንጥሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። አቶ ዳኜ የበግ ጠጉር ባናቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ካቡን ተደግፈው ቆመዋል። ሚስታቸው ከሞተች ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በመንደሩ የተከበሩ፣ ለሽምግልና የሚጠሩ፣ ሰው እቃውን ያለ ምስክር የሚያስቀምጥባቸው ሰው ናቸው።

«ስንት በጎች ነበሩ፣ አባቴ?» አለች ኮከቤ።

«አስራ ዘጠኝ።»

«ሁሉም የእርስዎ ናቸው?»

«ስምንቱ የኔ። አምስቱ የጽዋ ማኅበራችን፣ ስድስቱ የሸዋረግ። ርቢ ሰጥተውኝ ነው፤ እኔ አረባለሁ፣ ግልገሉን እኩል እንካፈላለን።»

ኮንስታብል እሱባለው ቁጥሩን በጥንቃቄ ጻፈ። እሱባለው የደብረ ብርሃን ከተማ ልጅ ነው፤ በግ የሚያውቀው ከወጥ ውስጥ ነው እያለች ኮከቤ ታሾፍበታለች።

«ለግጦሽ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የወጡት?»

«ሳል ገብቶባቸው ሦስት ወር ሆናቸው። የሰው በግ እንዳይበክሉ እዚሁ ዘግቼ ነው የምቀልባቸው።»

ኮከቤ አንድ ጭራሮ አነሳችና የጉረኖውን ወለል ቆፈር ቆፈር አደረገችው። ደረቅ አቧራ ቦነነ። ጭራሮውን ጣለችና እጇን በሱሪዋ ጠረገች።

ከቤት ውስጥ አንዲት ወጣት ቆሎ በሰፌድ ይዛ ወጣች። ዳኜ ከጠዋቱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ።

«ልጄ ጽናት ናት። ነርስ ናት። ደብረ ብርሃን የግል ኮሌጅ አራት ዓመት ተምራ አምና ሐምሌ ተመረቀች። ፎቶዋን ግቢና እዪው።»

ኮከቤ ገብታ አየችው። ጥቁር ጋዋን፣ ባለ ዘርፍ ቆብ፣ ከኋላ ሰማያዊ መጋረጃ። ጽናት በፎቶው ውስጥ አትስቅም።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት።

«እንኳን አብሮ ደስ ያሰኘን» አለች ጽናት፣ ሰፌዱን እያየች።

ወይዘሮ ሸዋረግ ቤታቸው ከዳኜ ቤት ቁልቁል ነው። ባል የሞተባቸው፣ ምላሳቸው የማይያዝ ሴት ናቸው። የልጃቸው ሰርግ ጥር ሃያ አንድ ነው፤ ለሰርጉ በጎቼን መልስልኝ ብለው ዳኜን የጠየቁት ደግሞ ጉረኖው ሊሰበር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ነበር።

«ረቡዕ ጠየቅኩ፣ ሐሙስ ሌሊት ተሰረቀ። የኔን እድል አየሽልኝ፣ ልጄ? ያ ወንዳፈራሁ የሚሉት የበግ ነጋዴ ሰርጌን ሊያፈርስ ነው የመጣው።»

«ስንት በግ ነበረዎት?»

«በግ ይቆጠራል እንዴ?»

«አቶ ዳኜ ስድስት ነው ብለዋል።»

«እንግዲያስ ስድስት ይሁን። ዳኜ ካለ ነው።»

ኮከቤ ከዚያ በኋላ አምስት ቤት ገብታ ጠየቀች። አምስቱም ቤት «ብዙ ነበሩ» አሉ። እሱባለው ማስታወሻውን ገልጦ «ብዙ» የሚል ቃል አምስት ጊዜ ጽፎ ተናደደ። ምን ያድርግ፣ አያውቅም። በዚያ አገር ከብት አይቆጠርም። የቆጠሩት ይመነምናል፣ ዓይን ይገባበታል ይባላል፤ የሰው በግ መቁጠርማ ነውር ነው። ባለቤት ማታ በሩ ላይ ቆሞ የጎደለችውን በመልኳ ያውቃታል እንጂ አንድ፣ ሁለት አይልም። ኮከቤም የራቤል ገበሬ ልጅ ናትና ይህን በደንብ ታውቃለች።

ወንዳፈራሁን ያስያዘው ይታየው የሚባል የጓሳ ጠባቂ ነው። ሳሩ ተከልክሎ በሚቆይበት ጊዜ ማንም ገብቶ እንዳያጭድ የሚጠብቅ፣ ከዚህም የተነሳ ግማሹ አገር የተቀየመው ሰው ነው። ዳኜንም አምና ሲያጭዱ ይዞ አስቀጥቷቸዋል። ስለዚህ ኮከቤ መጀመሪያ እሱኑ ጠረጠረች።

«ሐሙስ ሌሊት የት ነበርክ?»

«ጎጆው ውስጥ፣ ከሦስት ጠባቂዎች ጋር። ጠይቂያቸው። ተረኛ ነበርን።»

ጠየቀች፤ እውነቱን ነበር።

«ምን አየህ ታዲያ?»

«የወንዳፈራሁን አይሱዙ። በግ ጭኖ ከአስታ ሜዳ በኩል ወደ አስፋልቱ ሲወርድ።»

«በጎቹ የዳኜ መሆናቸውን አየህ?»

«በመብራቱ በግ መሆኑን አየሁ። የማን እንደሆነ እነሱ አልነገሩኝም» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን መንደሩ ሁሉ ያወራል። አርብ ጠዋት ሰው ተሰብስቦ ዘመሮ ወርዶ የወንዳፈራሁን ግቢ አስፈተሸ። የዳኜ የጆሮ ምልክት፣ ግራ ጆሮ ጫፉ ተቆርጦ ከስር የተሰነጠቀ፣ ያለባት አንዲት እናት በግ ተገኘች። ሌሎቹ አስራ ስምንቱ ተጭነው ሄደዋል ተባለ። ወንዳፈራሁ ታሰረ።

ኮከቤ ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ግቢ ሄደች። በሩ ላይ ሰው የወረወረው ድንጋይ ተከምሯል። የወንዳፈራሁ ሚስት ዓይኗ አብጦ፣ የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ ወጣች።

«በጓ የት አለች?»

«ያቻትና። የፖሊስ ማስረጃ ናት፣ አትንኳት ተብያለሁ።»

እናት በጓ በግቢው ጥግ ትቢያ ላይ ቆማለች። አንዲት ግልገል ተንበርክካ ትጠባታለች። ኮከቤ ቁጢጥ አለችና ግልገሏን ያዘቻት። ቀኝ ጆሮዋ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ።

«ይሄ የማን ምልክት ነው?»

«የኛ ነዋ። ወንዳፈራሁ ራሱ ነው የበሳት።»

ኮከቤ ጆሮዋን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ቁስል የለም፤ ጠርዙ ድኖ ጠጉር አብቅሏል። እንዲህ ለመዳን ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ በጓ ተሰረቀች የተባለው ከትናንት ወዲያ ሌሊት ነው።

«ባልሽ ይቺን በግ ከማን ገዛት?»

ሴትዮዋ ልጇን አስተካክላ አዘለች። «ይህን እሱን ጠይቂው» አለች።

«ዳኜን ታውቂያቸዋለሽ?»

«እንዴት አላውቃቸውም። የዚህ የልጄ የክርስትና አባት ናቸው። አበልጃችን ናቸው።» ይህን ስትል ፊቷን አዞረች።

ወንዳፈራሁ በጣቢያው ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ገበያ ላይ ሲጫረት ድምፁ ከሁሉ በላይ የሚሰማ ሰው ነው፤ አሁን ግን ቃል የሚወጣው በስንት መከራ ነው።

«ሰኞ መዝገብህ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይሄዳል» አለችው።

«ይሂድ።»

«ሐሙስ ሌሊት የጫንካቸው በጎች የማን ናቸው?»

«ከላይኛው ቀበሌ የገዛኋቸው ናቸው። የሸጡልኝን ሰዎች ስም ሰጥቻለሁ።»

«የዳኜ ምልክት ያለባትስ?»

«ገዝቻታለሁ።»

«ከማን?»

«አልናገርም።»

«ግልገሏን አይቻታለሁ፣ ወንዳፈራሁ። ሐሙስ እንዳልሰረቅካት አውቃለሁ። ስም ብትነግረኝ ማታውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ቃል አለብኝ።»

«ሚስትህ ላይ ድንጋይ እየወረወሩ ነው።»

ወንዳፈራሁ ኮቱን ወደ ላይ ሳበና ፊቱን ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ኮከቤ አየች፤ ስም ግን አልወጣውም።

እሱባለው ውጪ ጠብቋት «ግትር ነው» አላት።

«አይደለም» አለች። «ያፈረ ሰው ነው። ያፈረው ደግሞ በራሱ አይደለም።»

የአስታ ሜዳ ሽማግሌዎች እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ጠርተዋል። አውጫጭኝ ማለት መንደርተኛው በሙሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ተራ በተራ ተነስቶ የሚያውቀውን በመሐላ የሚያወጣበት የአባቶች ስርዓት ነው። እዚያ በሐሰት የማለ ሰው ወህኒ ባይገባም እሳት የሚጭርለት፣ ሬሳ የሚያነሳለት የለም። ወንዳፈራሁም መጥቶ እንዲምል ጠይቀዋል፤ ኮከቤ ፈቅዳለች።

እሁድ ጠዋት ሰው ቅዳሴ ላይ እያለ ጽናትን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ብቻዋን ቆማ አገኘቻት።

«አትገቢም?»

«እዚሁ ይሻለኛል።»

«ባለፈው ወር ወረዳው አራት ነርስ ቀጥሯል። ለምን አልተመዘገብሽም?»

ጽናት የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትጠቀልል ጀመር። ኮከቤ አላጣደፈቻትም።

«የመውጫ ፈተናውን ወድቄያለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሁለት ጊዜ። ያን ካላለፉ ዲግሪ የለም። ኮሌጁ ክፍያውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተቀብሎ ሲያበቃ ዝርዝሩ ላይ ስሜ የለም። ጋዋኑን ከፎቶ ቤት ነው የተከራየሁት።»

«አባትሽ አያውቁም?»

«ከብድርና ቁጠባ ተበድሬ ነው ብሎኝ ነው ያስተማረኝ። ስራ ስይዝ እከፍልልሃለሁ ብዬዋለሁ። ድግስ ደገሰልኝ። ሰው ሁሉ መርቆኝ ሄደ።» ቀና ብላ አየቻት። «እባክዎ እሱ እንዳይሰማ። ከሚሰማ እኔ ብሞት እመርጣለሁ።»

ኮከቤ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «ገብተሽ ጸልዪ» ብቻ አለቻት።

ዳኜን ቅዳሴው እንዳበቃ ከመቃብሩ ጀርባ ወሰደቻቸው።

«አባቴ፣ ጉረኖዎ ደረቅ ነው» አለች። «ሦስት ወር በግ ሲውል ሲያድርበት የከረመ ወለል ሲቆፍሩት ይሸታል፣ ይረጥባል። የእርስዎ ቦነነ።»

ዳኜ ባናቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ወንዳፈራሁ ግቢ ያለችው በግ ከተሰረቀች ሁለት ቀኗ ነው ተብሏል። የምታጠባት ግልገል ግን የወንዳፈራሁ ምልክት አለባት፣ ጆሮዋም ድኗል። ይህም ሁሉ ይቅር። መንደሩን በሙሉ ጠየቅኩ። ሸዋረግ እንኳ የራሳቸው በግ ስንት እንደሆነ አያውቁም። እርስዎ ግን ገና ከመጠየቄ አስራ ዘጠኝ አሉኝ። እኔም የራቤል ልጅ ነኝ፤ አባቴ በጉን ቆጥሮ አያውቅም። በጉረኖ ያለ በግ አይቆጠርም፣ አባቴ። የሚቆጠረው አንድ አንድ እያሉ ገበያ የወሰዱት ነው።»

ሽማግሌው ከመቃብር ድንጋይ አንዱ ላይ ተቀመጡ። ባናቸው ከትከሻቸው ወረደ፤ አላነሱትም።

«ነርስ ሆና በሁለት ዓመት እተካዋለሁ ብዬ ነበር» አሉ። «እያንዳንዱን፣ በመልኩ። ሸዋረግ ሰርግ አለብኝ ስትለኝ መድረሻ ጠፋኝ። ሳንቃውን የገነጠልኩት እኔ ነኝ።»

«ወንዳፈራሁስ?»

«ሌባው እሱ ነው አላልኩም። ሰው ነው ያለው።»

«አይደለም ብለውም አልተናገሩም።»

ዳኜ አንገታቸውን ደፉ። «ገመናዬን ሸፍኚልኝ፣ ልጄ። አሁኑኑ እሰሪኝና ውሰጂኝ፤ ሰውየው ይፈታ። ብቻ ጽናት አትስማ። በሰው በግ ነው የተማርሽው ተብላ እንዴት በዚህ አገር ቀና ብላ ትሄዳለች?»

ኮከቤ ወደ መቃብሮቹ ተመለከተች። እሷም ተምራ ነው ለዚህ የበቃችው። ዩኒቨርሲቲ ስትማር የመንግሥት ወጪ መጋራት በስሟ ተመዝግቦ፣ ስራ ከያዘች ጀምሮ በየወሩ ከደመወዟ እየተቆረጠ አልቋል። የአባቷ ግን ሌላ ነበር። አባቷ ለልብሷና ለመጽሐፏ ብለው ሁለት ጥማድ መሬታቸውን በወለድ አግድ አስይዘው ነበር፤ ገንዘቡ እስኪመለስ አበዳሪው የሚያርሰው ማለት ነው። በራሳቸው መሬት ላይ የሰው እኩል አራሽ ሆነው ሞቱ። መንግሥት ሳይጠይቃት ቆረጠ፤ አባቷ ስላልጠየቋት ሳትከፍል ቀረች። ረስታው አይደለም። በየዓመቱ በመስከረም መሬቱን አስለቅቃለሁ ትል ነበር። አሁን ይህን ሰውዬ ለመያዝ የቆመች መሆኗ ራሱ አሳፈራት።

«ሰው ታስሮ፣ ሚስቱ እየተወገረች ሸፍኜ ማለፍ አልችልም» አለች። «ተራዎ ሲደርስ ይናገሩ። ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ። ጽናት ከፖሊስ አፍ ከምትሰማ ከእርስዎ ብትሰማ ይሻላል።»

«በሐሰትም መማል እችላለሁ» አሉ ዳኜ በዝግታ።

«ይችላሉ» አለች ኮከቤ። የጽናትን ነገር ግን አልነገረቻቸውም፤ ያ ምስጢር የእሷ አልነበረም።

መንደርተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው የጽድ ዛፍ ስር ተሰበሰበ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ። ወንዳፈራሁ ከእሱባለው ጎን ቆሟል፤ ማንም ሰላም አላለውም። መሪጌታ ኪዳነ ወልድ መቋሚያቸውን ተደግፈው መሐላውን አስነበቡ፤ «ያወቅሁትን ብሸሽግ ዘሬ አይባረክ፣ የያዝኩት ይጥፋ።» ሰው ተራ በተራ እየተነሳ ማለ። ይታየው ማለ። ሸዋረግ ከመሐላው በላይ እርግማን ጨምረው ማሉ።

«ዳኜ» አሉ መሪጌታ።

ዳኜ ተነሱ። መጀመሪያ ወደ ሴቶቹ ወገን አዩ፤ ጽናት ከኋላ ናት። ወንዳፈራሁ መሬት መሬቱን ያያል። ዳኜ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። ኮከቤ አንድ እርምጃ ልትራመድ ስትል ድምፃቸው ተሰማ።

«አልምልም» አሉ። «ሌባ የለም። የሸጥኳቸው እኔ ነኝ።»

ከሕዝቡ ጉርምርምታ ተነሳ፤ መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መትተው ጸጥ አሰኙት።

«የራሴን ስምንት በጽናት የመጀመሪያ ዓመት ጨረስኩ። የማኅበሩ አምስት ሁለተኛውን ዓመት አሻገሩን። ሦስተኛውንና አራተኛውን በሸዋረግ አምስት። ወንዳፈራሁ ከእጄ ነው የገዛኝ፤ የሰው መሆናቸውን አላወቀም። መሸጤን ግን ለማንም እንዳይናገር በልጁ ክርስትና አስምዬዋለሁ። ታስሮም ጠበቀልኝ። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ዝም አልኩ።»

«አስራ ስምንት ነው የጠራኸው» አሉ መሪጌታ።

«አስራ ዘጠነኛውን መስከረም ላይ አረድኩት። ለምርቃቷ ድግስ። ሁላችሁም መጥታችሁ በልታችኋል።» ወደ ሸዋረግ ዞሩ፤ ዓይናቸውን ግን ከመሬት ማንሳት አልቻሉም። «ያንቺ ነበር፣ ሸዋዬ።»

የሸዋረግ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። አስታ ሜዳ ሁሉ ውርጅብኙን ይጠብቅ ነበር። ግን ምንም አልወጣቸውም፤ በዚያ ድግስ ላይ ከሁሉ በላይ የመረቁት እሳቸው ነበሩ።

ያን ጊዜ ጽናት ከሴቶቹ መካከል ሰው እየገፋች ወጣች። አባቷ ፊት ደርሳ ቆመች።

«አባዬ» አለች፣ «አልተመረቅኩም።»

ዳኜ ያልሰሙ መሰሉ።

«ፈተናውን ወድቄያለሁ። ፎቶው የኪራይ ነው። ልነግርህ ነበር፤ አንተ ድግሱን ጠርተህ ነበር።»

ከሁሉ በፊት ፊቱን ያዞረው ወንዳፈራሁ ነው። አበልጁን እንዲህ ሆነው ሊያያቸው አልፈለገም፤ ለጽዱ ግንድ ፊቱን ሰጥቶ፣ ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ቀጥሎ ሸዋረግ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ዞሩ። ከዚያ ይታየው። ከዚያ ትናንት ድንጋይ የወረወሩት። ማንም ማንንም ሳይጠራ፣ አንድ በአንድ፣ መንደሩ በሙሉ ዞረ። መሪጌታም መቋሚያቸው ላይ አጎነበሱ። እሱባለው ግራ ገብቶት ኮከቤን አየና እሱም ዞረ።

አባትና ልጅ ብቻ ተያይተው ቀሩ።

«መቼ ነው ደግሞ የሚሰጠው?» አሉ ዳኜ።

«የካቲት።»

«የካቲት» አሉ፤ የሚሸጥ ነገር የቀራቸው ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኮከቤ ካቴናው ወገቧ ላይ ነው። ሐሰተኛ አቤቱታ ያቀረበ ሰው መያዝ አለበት፤ ተጠርጣሪን ደግሞ ለአፍታ እንኳ ከዓይን ማጥፋት ክልክል ነው። ቆማ አየቻቸው። ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው የልጃቸውን እንባ በባናቸው ጫፍ ሊጠርጉ ሲሞክሩ፣ ኮከቤም ፊቷን አዞረች።